የድሮው እግር

ጎተራን የሚያቆመው እግሩ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ክዳኑን አይቶ ያደንቃል፤ ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰስ አድርጎ "ምርጊት ማለት እንዲህ ነው!" ይላል። እኔም ደስ ይለኛል፤ ጭቃውን የማቦካውም የምመርገውም እኔ ነኝና። እግሩን የሚተክለው ግን ታላቅ ወንድሜ ነበር። ሰዉ አባ ክንዴ ይለው ነበር፣ ሜትር የሚባል ነገር ሳይነካ እንጨቱን ሁሉ በክንዱ እየለካ ስለሚቆርጥ። ከሠላሳ በላይ ጎተራ አብረን ሠርተናል። የመጨረሻውን የሠራነው ለገዛ ልጁ ነው። የማወራውም ስለዚያኛው ነው።

የእኛ ጎተራ አራት እግር አለው። አንድ ሰው ከሥሩ ቁጭ ቢል ራሱ ወለሉን የማይነካበትን ያህል ከመሬት ከፍ ይላል። በየእግሩ አናት ላይ ሰፌድ የሚያህል ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደፋበታል፤ አይጥ እግሩን ይዛ ብትወጣ ድንጋዩ ሥር ስትደርስ መሄጃ አጥታ ትመለሳለች። ከድንጋዩ በላይ ወለሉ ነው፤ ከወለሉ በላይ በቀጫጭን እንጨት የተጠላለፈ ክብ ግድግዳ፤ በእሱ ላይ የእኔ ጭቃ፤ ከሁሉም በላይ እንደ ቆብ የሚነሳ የሣር ክዳን። እህል የሚገባው ክዳኑ ተነስቶ፣ በመሰላል ተወጥቶ፣ ከላይ ነው።

ከአባታችን የወረስናቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው፣ ከአራቱ እግሮች አንዱ ከአሮጌ ጎተራ የተነቀለ መሆን አለበት። አሮጌ እንጨት ደርቆ ጨርሷል፤ ከእንግዲህ አያጥርም፣ አይጣመምም። ሦስቱ አዳዲሶች በእሱ ልክ ይቆረጣሉ። ሁለተኛው፣ ጎተራው የሚሞላ ቀን አናጢው ከመጀመሪያው ጆንያ እስከ መጨረሻው ድረስ ጀርባውን ለድሮው እግር ሰጥቶ ከሥሩ ይቀመጣል። "ተቀመጠለት" ከተባለ ጎተራው አለቀ ማለት ነው። ያልተቀመጠለትን ማንም አይረከብም። ወንድሜ ያ ሁሉ እህል ከራሱ በላይ እየተገለበጠ ሠላሳ ጊዜ ተቀምጧል፤ ብዙውን ጊዜም እንቅልፍ ወስዶት ሲያንኮራፋ ነበር የምንቀሰቅሰው።

አሁን ደግሞ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ወንድሜ አያይም ነበር። በአንድ ጊዜ አልጠፋበትም። መጀመሪያ ምስማር መለየት አቃተው፤ ቀጥሎ የሰው ፊት፤ በመጨረሻ የቀረለት ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር። ለልጁ እንኳ አልነገራትም። "የማያይ አናጢ ማን ያሠራል? ልጄስ በእኔ የተነሳ አማቶቿ ፊት አንገቷን ትድፋ?" አለና አስማለኝ። ከዚያ ወዲህ ዓይኑ እኔ ሆንኩ።

ሰው ፊት ስንሆን እየተቆጣሁ ነበር መንገድ የምመራው። "ያን ባልዲ ከቀኝህ ብታነሳው ምን አለበት?" ስል ከቀኙ ባልዲ እንዳለ ያውቃል። "መሰላሉን ደግሞ ፊት ለፊት ገተርከው!" ካልኩ መሰላሉ ፊት ለፊቱ ነው። የሚሰማን ሰው "ይቺ ሴት ወንድሟን መቆሚያ መቀመጫ አሳጣችው" ይላል። ይበል። ነገረኛ መሆኔን አገር ስለሚያውቅ ማንም አልጠረጠረም።

የወንድሜ ልጅ አንድ ልጁ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ለእሱ ፀሐይ የምትወጣው በእሷ በኩል ነው። ባገባች በዓመቷ "አባባ፣ ጎተራ ሥራልኝ" ብላ ላከችበት። የባሏ አባት ግን የዋዛ ሰው አይደሉም። በሌሉበት አባ ጠርጥር እንላቸዋለን። እንቁላል ሲሰጧቸው እንኳ ወደ ፀሐይ አንስተው ካላዩ አይቀበሉም።

ሥራውን ለመነጋገር ወደ እሳቸው ግቢ የሄድን ቀን፣ መንገድ ላይ ወንድሜን ለመንኩት።

"ጋሼ፣ የዚህን ጎተራ እንጨት እኔ ልምረጠው። አንተ ለካ፣ አንተ ቁረጥ። ማየቱን ለእኔ ተወው።"

ዝም አለኝ። ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጠርኩት። እዚያ ስንደርስ አባ ጠርጥር ከላይ እስከ ታች አዩኝና "እህትዎ ሥራዋ ምንድነው?" ብለው ጠየቁት። ወንድሜ ሳቀ። "እሷማ የምታውቀው ጭቃ ነው። እንጨትና ገለባ አትለይም" አለ። አባ ጠርጥር ሳቁ፤ ልጃቸው ሳቀ፤ የወንድሜ ልጅም፣ እኔ አዝዬ ያሳደግኳት ልጅ፣ አፏን በእጇ ከድና ሳቀች።

ደሜ ፈላ። ዓይኑን ለመደበቅ ብሎ እንደተናገረ ዛሬ ይገባኛል። ያን ቀንም ይገባኝ ነበር፤ ግን እንዲገባኝ አልፈለግኩም። ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኑ የሆንኩት እኔ፣ እንጨትና ገለባ የማልለይ ሆኜ ቀረሁ።

በማግሥቱ አባታችን የሠራውን አሮጌ ጎተራ አፈረስን። ከቤታችን ጀርባ ባዶውን ከቆመ ስንት ዓመቱ። ወንድሜ ከአራቱ እግሮች ቀጥ ያለውን መርጦ መሬት ላይ አጋደመውና በጣቱ አንጓ ከጫፍ እስከ ጫፍ እያንኳኳ ሄደ። መሬት ውስጥ ተቀብሮ የኖረው ጫፍ ጋ ሲደርስ ጆሮውን ዘንበል አደረገ። እንደገና አንኳኳ።

"እታለም፣ ድምፁ ጥሩ አልመጣልኝም። ጉንፋኑ ጆሮዬን ደፍኖት ይሁን አላውቅም። ዓይንሽ ምን ይላል?"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከተቀበረው ጫፍ ተነስታ ወደ ላይ የምትሄድ ጣት የማትሞላ የጭቃ መስመር ነበረች። ምስጥም እንደ እኔው ጭቃ ሠራተኛ ነው፤ በጭቃ የተሸፈነች ጠባብ መንገድ ይሠራና በውስጧ እየተመላለሰ እንጨቱን ከውስጥ ይበላዋል። ከላይ ሲያዩት ደህና ነው። መስመሯን አየኋት፣ ምን እንደሆነችም አወቅኩ።

"እኔ ጭቃ እንጂ እንጨት የት አውቄ" አልኩት።

"ተይ እንግዲህ። ከልብሽ ንገሪኝ።"

"ደህና ነው አልኩህ እኮ!"

"እሺ" አለና እንጨቱን በትከሻው ተሸከመው። አመነኝ።

ላስገድለው አልነበረም። ይህን ማንም ባያምነኝ አልፈርድበትም። ይቅርታ ብቻ ነበር የፈለግኩት፤ አንዲት ቃል። ማታ ቤት ስንገባ "ትናንት አስቀየምኩሽ መሰለኝ" ይለኛል፣ እኔም ጥቂት አኩርፌ "ያን እንጨት ጣለው፣ ምስጥ በልቶታል" እለዋለሁ ብዬ ነበር። አላለኝም። እራቱን በላና ስለ ልጁ ሲያወራ አመሸ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። በነገታው እግሩን ተክሎት አገኘሁ። በሦስተኛው ቀን ድንጋዮቹን ደፋባቸው። በሳምንቱ ወለሉ ተረበረበ፣ ግድግዳው ቆመ። አንድ ቀን ባለፈ ቁጥር መናገሩ እየከበደኝ ሄደ።

የእኔ ሥራ ሲደርስ ግድግዳውን መረግኩ፤ ዝናብ እንዳይጠጡም እግሮቹን ከመሬት እስከ ድንጋዩ በስሱ መረግኳቸው። የድሮው እግር ጋ ስደርስ የወንድሜ ልጅ ውሃ ይዛልኝ አጠገቤ ቆማ ነበር። "አክስቴ፣ ያ መስመር ምንድነው?" አለችኝ። "ቆሻሻ ነው" አልኳትና አንድ እፍኝ ጭቃ አንስቼ፣ አውራ ጣቴን ጫን አድርጌ የምስጡን መንገድ በራሴ ጭቃ ሸፈንኩት። ከዚያ በኋላ መናገር ማለት እያወቅኩ ዝም አልኩ ማለት ብቻ ሳይሆን፣ እያወቅኩ ደበቅኩ ማለት ሆነ።

ጎተራው የሚሞላበት ቀን ደረሰ። ፀሐይዋ ገና ሳትበረታ ግቢው ገባን። ጎተራው የቆመው ጥግ ላይ ነው፤ ከሥሩ ፊቱን ወደ ግቢው አድርጎ ለተቀመጠ ከበስተኋላው የቤቱ ግድግዳ፣ ከቀኙ የድንጋይ አጥር። ፊት ለፊቱና ግራው ለግቢው ክፍት ናቸው። አርባ ጆንያ በቆሎ ተደርድሯል። አባ ጠርጥር በርጩማቸው ላይ ተሰይመው አርባ ጠጠር ፊታቸው አስቀምጠዋል፤ አንድ ጆንያ በገባ ቁጥር አንድ ጠጠር ባርኔጣቸው ውስጥ ሊጥሉ። ልጃቸው፣ የወንድሜ ልጅ ባል፣ ሸሚዙን አውልቆ መሰላሉን በግራ በኩል አስደገፈ። ሁለት ጎረቤቶች ጆንያ ሊያቀብሉት መጥተዋል።

ወንድሜን ወደ ጎን ሳብኩት።

"ጋሼ፣ ዛሬ ባትቀመጥስ?"

"ለምን?"

"ጉንፋንህ አለቀቀህም። መሬቱም እርጥብ ነው።"

"ልጄ ምንጣፍ አንጥፋልኛለች እኮ" ብሎ ሳቀ። "ደግሞስ ካልተቀመጥኩ አባ ጠርጥር ምን ይላሉ? ለልጁ የሠራውን ራሱ ፈራው አይሉም?"

ጎንበስ ብሎ ከፊት ለፊት ገባ። እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ የድሮውን እግር ፈለገው፤ ሲያገኘው መታ መታ አደረገውና ጀርባውን ሰጥቶት ምንጣፉ ላይ ተዘረጋ። የወንድሜ ልጅ አይታው ፈገግ አለች። "እንደ ንጉሥ ተቀመጥክ አባባ!" አለችው።

የመጀመሪያው ጆንያ ተገለበጠ። እህል ባዶ ወለል ላይ ሲፈስ ይጮሃል፤ ቆይቶ እህል በእህል ላይ ሲወድቅ ድምፁ ይለዝባል። እኔ ከአጥሩ በኩል ባለችው ጠባብ ክፍተት ገብቼ፣ የድሮው እግር ከድንጋዩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ እርጥብ ጭቃ በቀጭኑ ዙሪያውን ለቀለቅኩ። ጭቃ ሲደርቅ ቢሰነጠቅ ምንም አይደለም። እርጥብ ሳለ ከተሰነጠቀ ግን ከሥሩ ያለው ነገር ተንቀሳቅሷል ማለት ነው።

በአሥረኛው ጆንያ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አየሁ። በአውራ ጣቴ ደፈንኳት። በአሥራ አምስተኛው እዚያው ቦታ ላይ ተመልሳ ተከፈተች።

"ምን ትዳብሻለሽ እዚያ?" አለኝ ወንድሜ ሳይዞር።

"ምርጊት ላቃና ነው።"

"ይሄ እግር ያወራል።"

ጎረቤቶቹ ሳቁ። አንደኛው ጆንያ ተሸክሞ እንደቆመ "ምን ይልዎታል አባ ክንዴ?" አለው።

"ከበደኝ ይላል። አዲስ ሸክም የወጣበት ሁሉ መጀመሪያ ያማርራል፤ አንተም ጠዋት ስታማርር ሰምቼሃለሁ።"

እንደገና ሳቁ። ወንድሜ ግን ጆሮውን እንጨቱ ላይ ለጠፈ፤ ፈገግታው ከፊቱ ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁ።

በሃያኛው ጆንያ ላይ አልቻልኩም። ከሥራ የተረፈ አንድ ወፍራም ግንድ አጥሩ ሥር ተጋድሞ ነበር፤ እየጎተትኩ አመጣሁት። አባ ጠርጥር ከበርጩማቸው ብድግ አሉ።

"እሱ ደግሞ ለምንድነው?"

"ለድጋፍ ነው። እንዲያው ለጥንቃቄ።"

"ድጋፍ? አዲስ ጎተራ ድጋፍ ይፈልጋል እንዴ?"

"ማነው ድጋፍ ያለው?" አለ ወንድሜ ከሥር። ድምፁ ተለውጧል። "በእኔ ጎተራ? አባቴ የሠራው ድጋፍ አይቶ አያውቅም፤ የእኔም አያይም። መልሽው!"

ግንዱን ለቀቅኩት። ወንድሜ ውሃ እንዳቀብለው ጠየቀኝ፤ የጠማው ሰው ድምፅ አልነበረም። ልጁ ጣሳውን አምጥታ ሰጠችኝ፣ ጎንበስ ብዬ ገባሁና ከእጁ አኖርኩለት። ውሃውን አልጠጣም። እጄን ያዘኝና በለሆሳስ ተናገረ።

"እታለም፣ ያን ቀን ዓይንሽ ያየው ምን ነበር? እውነቱን ንገሪኝ። መጥፎ ከሆነ አሁኑኑ እነሳለሁ። ይሳቁብኝ፣ ግድ የለኝም።"

እንዲህ ነው ያለኝ። በሩን ወለል አድርጎ ከፈተልኝ። እኔ ግን ቀና ስል አባ ጠርጥር ወገባቸውን ይዘው፣ አንገታቸውን አስግገው እያዳመጡ ነው፤ ከጎናቸው ልጄ፣ አዎ ልጄ ነው የምላት፣ እጇን አጣምራ ቆማለች። "ቆሻሻ ነው" ያልኳት መስመር ታወሰኝ። አሁን ብናገር ከዛሬ ጀምሮ በምን ዓይን እንደምታየኝ አሰብኩ። ስለ ወንድሜ አላሰብኩም፤ ስለ ራሴ ነው ያሰብኩት።

ዓይኔን በጨው አጥቤ "ደህና ነው ጋሼ። እንጨቱ ደህና ነው" አልኩት።

"እንግዲያው ደህና ነው" አለና እጄን ለቆ ተመልሶ ተደገፈው። ሙሉ ክብደቱን ጥሎ ነው የተደገፈው።

ወጥቼ ጭቃዬ ጋ ቆምኩ። ከጎተራው ወደ ግራ፣ ግቢው መሃል። ሃያ ብቻ ነው የቀረው አልኩ በሆዴ። ዛሬን ብቻ ይለፍ። ወንድሜን ቤት አስገባዋለሁ፤ ነገ "ምርጊቱ ውስጡ አልደረቀም፣ እህሉ ይሻግታል" ብዬ አስገለብጠዋለሁ፤ እግሩን በዚያው እንቀይረዋለን፤ ማንም ሳያውቅ። እግሩን ራሱን እለምነው ጀመር፤ ዛሬን ብቻ ቻለው፣ ዛሬን ብቻ።

ሠላሳኛው ላይ ፀሐይዋ ዞራ ባልየው ዓይን ውስጥ ገባች። "ኧረ አሳወረችኝ!" ብሎ ወረደና መሰላሉን ከግራ አንስቶ ፊት ለፊት፣ ልክ ወንድሜ በገባበት በኩል አቆመው። ሁለቱ ጎረቤቶች ግራና ቀኙን ይዘው ቆሙ። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ እጮህ ነበር፤ "መሰላሉን የሰው መውጫ ላይ ትገትሩታላችሁ እንዴ!" ብዬ ግቢውን አናውጠው ነበር፤ ወንድሜም ይሰማና ይይዘው ነበር። ያን ቀን ግን ምላሴ ተሳስሯል። አንዴ ከዋሸሁት በኋላ ለእሱ አንድም ቃል የምናገርበት አፍ አጣሁ።

ሠላሳ አምስት። ሠላሳ ስድስት። ጠጠሮቹ ባርኔጣው ውስጥ ቋ ቋ ይላሉ። ዶሮዎቹ ጠዋት የፈሰሰ በቆሎ ለመልቀም ከጎተራው ሥር ገብተው ነበር፤ አንድ በአንድ ወጥተው አጥሩ ሥር ቆሙ። ማንም ልብ አላላቸውም። እኔ ግን አየኋቸው።

ሠላሳ ዘጠነኛው ሲገለበጥ የለቀለቅኩት ጭቃ ቁራጭ ሆኖ ወደቀ። ከበስተኋላው ደቃቅ ቡናማ አፈር እንደ ዱቄት ይፈስ ጀመር። ድንጋዩ ጣት ያህል አዘመመ። ባልየው የመጨረሻውን ጆንያ ተሸክሞ መሰላሉ አጋማሽ ላይ ነው፤ አባ ጠርጥር የመጨረሻዋን ጠጠር በጣታቸው ይዘው ቆመዋል፤ ልጄ ልታጨበጭብ እጇን አዘጋጅታለች።

"ጋሼ! ውጣ! ሊወድቅ ነው!"

እንዲያ ስጮህ ሰምተውኝ አያውቁም። ባልየው ጆንያውን ጥሎ ዘለለ። ጎረቤቶቹ መሰላሉን ለቀው እግሬ አውጭኝ አሉ። ወንድሜ ብድግ አለና ጎንበስ ብሎ በገባበት በኩል ወደ ፊት ሮጠ፤ በግንባሩ ከመሰላሉ ጋር ተጋጨ። እጁን ዘርግቶ ዳበሰው። መሰላሉ እዚያ መሆን አልነበረበትም። በእሱ ዓለም ውስጥ መሰላሉ ግራው ላይ ነው። መንገዱ ጠፋበት፤ ጎብጦ እንደቆመ ራሱን ወዲያና ወዲህ አዞረ።

"ወዲህ! ወዲህ ይውጡ!" ይላሉ አባ ጠርጥር። "አባባ፣ በዚህ! በዚህ በኩል!" ትላለች ልጁ እጇን እያወዛወዘች። ለማያይ ሰው "በዚህ" ምን ማለት ነው?

"ወደ ግራህ!" አልኩ። ስለ ዓይኑ የማልኩለት መሐላ ያን ጊዜ ፈረሰ። "ጋሼ፣ መሰላሉን ፊት ለፊትህ አምጥተውታል! ወደ ግራህ፣ ሦስት እርምጃ! ግራህ ክፍት ነው!"

ወንድሜ ቆመ። ፊቱን ወደ ድምፄ መለሰ። አልተቆጣም፤ ልክ ያን ቀን እንጨቱ ላይ ጎንበስ ብሎ እንደጠየቀኝ ነው የጠየቀኝ።

"እውነትሽን ነው?"

"እውነቴን ነው! በአባታችን፣ እውነቴን ነው!"

አንድ ትንፋሽ ያህል ካለበት አልተነቃነቀም። የድሮው እግር የደረቀ ዳቦ ሲቆረስ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ አሰማ፤ ከዚያ በላይ አልጮኸም። ከዚያ ክዳኑም ግድግዳውም ያ ሁሉ በቆሎም አንድ ላይ መጣ።

አቧራው ሳይወርድ በእጃችን መዛቅ ጀመርን። በቆሎ ክፉ ነው፤ የዛቅከው ያህል ተመልሶ ይፈሳል። አባ ጠርጥር በዚያ ዕድሜያቸው በጉልበታቸው ተንበርክከው በባርኔጣቸው ይዝቁ ነበር፤ ጠጠሮቹ የትም ተበትነዋል። ልጁ "አባባ፣ አባባ" ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበራትም። ባልየው ወለሉን በግንድ ፈነቀለው፤ ያው እኔ ለድጋፍ ያመጣሁት ግንድ ነው።

ስናገኘው ትንፋሽ አልነበረውም። በሆዱ ተደፍቶ ግራ እጁን ወደ ፊት ዘርግቷል። መሰላሉ ከነበረበት ወደ ግራ ሁለት እርምጃ ሄዷል። የቀረችው ሦስተኛዋ ነበረች።

አምኖኝ ነበር ማለት ነው። ጥቂት ዘግይቶ፣ ግን አምኖኝ ነበር። አንዳንድ ቀን ባያምነኝ ይሻለኝ ነበር እላለሁ።

የወንድሜ ልጅ የአባቷን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ከፊቱ ላይ አቧራውን በቀሚሷ ጫፍ ትጠርግለት ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

"አክስቴ፣ ግራው ክፍት ነበር እኮ። እንዴት ሳያየው ቀረ? ለምንድነው ግራ ቀኝ እያልሽ የነገርሽው?"

ከዚያ በኋላ የምደብቅለት ሰው አልነበረኝም። "አባትሽ አያይም ነበር" አልኳት። "ሁለት ዓመት ሆኖታል። እንዳትሰሚ ብሎ አስምሎኝ ነው። የማየው እኔ ነበርኩ።"

ባልየው ራሱን ያዘ። አባ ጠርጥር ፍርስራሹ ውስጥ ገቡና የድሮውን እግር ስባሪ አንስተው መጡ። ውስጡ ባዶ ነው፤ አፈርና ነጫጭ ምስጥ ይራገፍበታል። እንደ ልማዳቸው ወደ ፀሐይ አንስተው አገላበጡት። ከዚያ የምርጊቱን ጠርዝ በጥፍራቸው ፈልቀቅ ሲያደርጉት አንድ ቁራጭ ሆኖ ተላቀቀ። ከሥሩ የምስጡ መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይነካ ተቀምጧል። ምርጊቱ ላይ ደግሞ የአውራ ጣት ምልክት አለ፣ ጫን ተብሎ የተደረገ።

ልጄ ያን መስመር አወቀችው። ሲገባት ከፊቷ ላይ አየሁ። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

"እሱ ካላየ፣ ለእሱ ያየለት ማን ነበር?" አለች።

አባ ጠርጥር ስባሪውን ቀስ አድርገው መሬት ላይ አኖሩትና እጄን አዩ፤ እሷም እጄን አየች። ጠዋት ስንጥቁን የደፈንኩበት ጭቃ አውራ ጣቴ ላይ እንደደረቀ ነበር።